የሰጪ ደስታ፤ ከአንበሳሜ እስከ ደብረ ታቦር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ዐባይን በድልድይ ተሻግሮ፣ ጣናን በስተ ግራው ትቶ ጥቂት እንደ ተጓዘ ሐሙሲት ይደርሳል። ከዚያ ወደ ቀኝ የሚታጠፈውን መንገድ የያዘ እንደ ሆነ የደራን ከተማ አንበሳሜን ያገኛል። የዚህ አገር ሰው ቦታን በገበያው ቀን መጥራት ይወዳል፤ ሐሙሲት የሐሙስ፣ አርብ ገበያም ስሟ ራሱ እንደሚናገረው የዓርብ ናት። አንበሳሜ በስሟ ውስጥ አንበሳ ይሰማል እንጂ፣ እኛ በዚያ በቆየንበት ጊዜ ከውሻ በቀር የሚያስፈራ አላገኘንም።

የሄድንበት ወራት ጾመ ፍልሰታ ነበር፤ ቀኑም ነሐሴ 10። ደራ በደቡብ ዐባይ፣ በምዕራብ ጣና የሚያዋስነው፣ ጤፍና ዳጉሳ፣ በቆሎና ኑግ የሚያበቅል የእህል አገር ነው። ነገር ግን በነሐሴ የእህል አገር የተባለውም ቢሆን ጎተራው ይጎድላል፤ ያምናው ወደ ማለቁ፣ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነውና። በከተማ ላደገ ሰው ክረምት የዝናብ ወራት ብቻ ነው፤ ለገበሬ ቤት ግን እናት እንጀራውን እየቆጠረች የምታወጣበት ወራት ነው። ስለ መስጠት ለመጻፍ ከጥር ይልቅ ነሐሴን የመረጥነው ስለዚህ ነው። በጥር ሁሉም ቸር ነው።

ዝናቡ ቢበረታብን በከተማይቱ ዳር ካለች አንዲት ቤት ተጠለልን። የቤቲቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ማን እንደ ሆንን ሳይጠይቁ እሳት ዳር አስቀመጡን። ጥቂት ቆይቶ ውሻው ጮኸ፤ ከአጥሩም ውጭ አንድ ቀጭን ድምፅ «በእንተ ስማ ለማርያም!» አለ። ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ነበሩ። አንዱ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሁለተኛው ጥቂት ከፍ ይላል። ደበሏቸው ውሃ ጠጥቶ ከብዶአል፤ አኮፋዳቸውን ግን ከደበሎው ሥር ሸሽገው ከዝናቡ ጠብቀውታል፤ የረጠበ ቁራሽ ቶሎ ይሻግታልና።

እናታችን መሶቡን ከፈቱ። ከተቀመጥንበት ውስጡ ይታየን ነበር፤ ሁለት እንጀራ ብቻ ነበረበት። አንዱን ለሁለት ገምሰው ለልጅ ልጃቸው ሰጧትና፣ «በእጃቸው ስጫቸው፤ ከአጥር ላይ እንዳትወረውሪ» አሏት። ልጅቷም «እምዬ፣ ትናንትናም እኮ መጥተው ነበር» ብላ አጉረመረመች። «አንቺስ የትናንቱ ዛሬ አጥግቦሻል?» ቢሏት መልስ አጥታ ውሻውን በአንድ እጇ እየያዘች ወጣች።

ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ «ለእናንተስ ምን ይተርፋችኋል?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም እንዲህ አሉን፦ «ልጄ ድጓ ሊማር ጋይንት ወርዶ ሰባት ዓመት ቆየ። በሰባት ዓመት ውስጥ እኔ አንድ ቀን አላበላሁትም። ሲመለስ ግን ጢም አብቅሎ፣ ጎልምሶ መጣ። ማን አበላው? ስሟን አላውቅ፣ መልኳን አላውቅ። እንግዲህ ለእርሷ በምን መንገድ ልመልስላት? እነዚህን የማን ልጆች እንደ ሆኑ አልጠይቃቸውም፤ ምናልባት የእርሷ ይሆናሉ።» ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ከሩቅ ዘመድ ደብዳቤ እንደ ደረሰው ሰው ፈካ እንጂ፣ ዕዳ እንደሚከፍል ሰው አልጨፈገገም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ አገር የኖረው በእንዲህ ያሉ እናቶች መሶብ ነው። ደቡብ ጎንደር የሊቃውንት ምድር ነው፤ ድጓ የሚፈልግ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የሚሻ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። ልማዱ ልጁ ከትውልድ ቀዬው ርቆ እንዲማር ነው፤ በቅርብ ቢሆን የእናቱ ጓዳ ትምህርቱን ያስጥለዋልና። እንግዲህ ማንም እናት የራስዋን ልጅ አታበላም፤ ሁሉም የሌላይቱን ታበላለች። እኛም በልጅነታችን ደበሎ ለብሰን፣ አኮፋዳ አንግተን፣ ስማቸውን በማናውቃቸው ደጆች ቆመናል፤ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት የገባነው ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪውም ቢሆን ተቀባይ ብቻ አይደለም። ለመምህሩ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ያገኘውንም ቁራሽ ከጎጆው ጓደኞቹ ጋር ይቀላቅላል፤ ታሞ ልመና ያልወጣውም ከዚያው ይበላል። ለምኖ ያገኙትን ማካፈል ገዝቶ ካገኙት ይልቅ የሚከብድ መሆኑን የቀመሰው ያውቀዋል።

በማግሥቱ አንድ የዳጉሳ ማሳ አጠገብ ስናልፍ ብዙ ሰዎች ጎንበስ ብለው ያርማሉ። የማሳው ባለቤት በሕመም የተኛ ሰው መሆኑን ሰማን። «ወንፈል ነው?» ብንላቸው አንድ ሽማግሌ ሳቁብን። ወንፈል የሚቆጠር ነው፤ ዛሬ አንድ ቀን የሠራሁልህ ነገ አንድ ቀን ትሠራልኛለህ። ደቦ ግን ቀን አይቆጥርም፤ ደጋሹ ጠላና ንፍሮ ያቀርባል፣ ሠራተኛውም እየዘፈነ ይውላል። ይህኛው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ባለቤቱ ተኝቶ ማን ይደግሳል? ሠራተኞቹ ንፍሮውን ከየቤታቸው ይዘው መጥተዋል። ዜማቸው ግን ከሌላ ቀን አላነሰም፤ እንዲያውም በሽተኛው ከቤቱ ሆኖ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር።

የዘመኑ ሊቃውንትም ይህን ነገር በገንዘብ ፈትነውታል። በካናዳ አገር በቫንኩቨር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎቹ 46 ሰዎችን ጠዋት ጠርተው ለአንዳንዱ 5፣ ለአንዳንዱ 20 ዶላር ሰጡ። እኩሌቶቹ ለራሳቸው፣ እኩሌቶቹ ለሌላ ሰው እስከ ማታ እንዲያወጡት ታዘዙ። ማታ ሲጠየቁ፣ ለሌላ ሰው ያወጡት ደስታቸው በልጦ ተገኘ፤ የገንዘቡ ማነስና መብዛት ግን ለውጥ አላመጣም። ሌሎች ሰዎች ውጤቱን አስቀድመው እንዲገምቱ ቢጠየቁ፣ ብዙዎቹ 20 ዶላር ለራሱ ያወጣ ይበልጥ ይደሰታል ብለው ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ቀሳውስት በሚሊጢን ሲሰናበት የጌታን ቃል ጠቅሶ ያሳሰባቸው ይህንኑ ነው፤ ምርመራው ግን አይናቅም፣ ሰው ስለ ራሱ ደስታ ሲገምት የሚሳሳት መሆኑን በግልጥ አሳይቶአልና። ሆኖም እነርሱ የጠየቁት የአንድ ቀን ማታን ደስታ ነው። የአንበሳሜዋ እናት ደስታ ሰባት ዓመት የተጠራቀመ ነው።

ደግሞ የማያስደስት መስጠት አለ። ለተዝካር በሬ ተበድሮ አርዶ፣ «የእገሌ ድግስ አነሰ» እንዳይባል መሬቱን አሲዞ፣ ለልጆቹ ዕዳ ያወረሰ ስንት ሰው አለ! ያ ቤት ሲሰጥ ያየው የጎረቤቱን ዐይን ነው እንጂ የተራበውን አይደለም። በእንዲህ ያለ ድግስ ላይ ጠጋቢው በአዳራሹ ተቀምጦ ነዳያን ከአጥር ውጭ ፍርፋሪ ሲጠብቁ ብዙ ጊዜ አይተናል። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ክርስቶስን በመቅደስ ሐር አልብሰው በደጅ ዕርቃኑን የሚተዉትን የገሠጸው ለእንዲህ ያለው ነውና ለእኛም ይደርሰናል።

ከዚህ ይልቅ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። የሰጪው ደስታ የሕፃኑን መራብ የሚጠይቅ ከሆነ ምን ዓይነት ደስታ ነው? ልጅ በውሻ መነከሱ፣ በዝናብ ተደብድቦ ደረቱን መታመሙ ጽድቅ አይደለም። ዛሬ ማኅበረ ቅዱሳንን የመሰሉ ማኅበራት የአብነት ትምህርት ቤቶችን እየረዱ፣ በየስፍራው ማደሪያና ምግብ ያገኙ ተማሪዎች አሉ። አንዳንድ ሽማግሌዎች፣ «ተማሪ ካልለመነ ትሕትናን ከየት ይማራል? የእኛስ በረከት በየት ይመጣል?» ይላሉ። እኛም ይህ አሳብ ልባችንን ይዞት ነበርና ከዚያች ቤት ሳንወጣ እናታችንን፣ «ለእነዚህ ልጆች ወጥ ቤት ቢሠራላቸው ይከፋዎታል?» ብለናቸው ነበር። እርሳቸው ግን፣ «እሰየው ነው እንጂ! እኔው ሽሮዬን ይዤ እሄድላቸዋለሁ፤ እነርሱ ወደ እኔ ከሚመጡ እኔ ወደ እነርሱ ብሄድ ምን ይለኛል?» አሉን። በረከቱ በመንገዱ ርዝመት እንዳልሆነ ከእኛ ይልቅ እርሳቸው ዐውቀውታል። የእህል ዋጋ በናረበት በዚህ ጊዜ በየከተማው ብዙ ደጅ ለተማሪ እየተዘጋ ነው፤ ደጁን የዘጋ ቤት ሽሮውን ካልላከ ልጁ በሁለቱም በኩል ይራባል።

ነሐሴ 12 ቀን በሐሙሲትና በወረታ አድርገን ደብረ ታቦር ገባን። ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ከማለፋቸው በፊት የተቀመጡባት፣ በአጠገቧም በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራባት ከተማ ናት፤ ስለ መድፉ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸውና ለእነርሱ እንተወዋለን። እኛ የመጣነው ለቡሄ ነው። ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ እረኞች ብርሃኑን አይተው መምሸቱን ሳያውቁ በሜዳ ቢቆዩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፈለጉአቸው ይባላል። ሙልሙል የሚጋገረው ለዚህ መታሰቢያ ነው። እናቶች ሙልሙሉን በልጆቻቸው ቁጥር ልክ አይጋግሩትም፤ ማን እንደሚመጣ አይታወቅምና ያስተርፋሉ።

በማታው ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ አየን። ዝናብ ያስጠለላቸው ስድስት የሚሆኑ ልጆች ከአንድ ቤት ጣራ ሥር ሰብሰብ ብለው የተሰጣቸውን ሙልሙል መካፈል ጀመሩ። ከፍ ያለው ልጅ ለእያንዳንዱ ካደለ በኋላ አንድ ለብቻው አስቀመጠ። የማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ፣ «እናቱ ታማበት ያልወጣ ጓደኛችን አለ» አለን። የሁሉ ታናሽ የሆነው፣ «እርሱ ምን ጨፈረ!» ብሎ ተቆጣ። ትልቁ ልጅ አልመለሰለትም፤ ከራሱ ድርሻ ግማሹን ገምሶ በተቀመጠው ላይ ጨመረበት። ታናሹም ጥቂት አየና የራሱን ጫፍ ቆርሶ አኖረ፤ ቁራጩ ከአውራ ጣት አይበልጥም ነበር። ዝናቡ ጋብ ሲል ጅራፋቸውን አንሥተው ወደሚቀጥለው ደጅ ሮጡ።