«ሲስተሙ ነው» ብዬ ነበር

በሰሜን ቨርጂንያ፣ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ ማዕከሉ በሚያመላልስ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የሰርቨሮቹ ኃላፊ ነበርኩ። እጥበት የሚያስፈልገው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን ይሄዳል፤ በሄደ ቁጥር 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። የመጀመሪያዎቹን ሕመምተኞች የሚያደርሱት ሾፌሮች ጎህ ሳይቀድ ከቤታቸው ይወጣሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ የአገራችን ሰዎች ነበሩ። የሚከፈላቸው በጉዞ ነው፤ የተመዘገበ ይከፈላል፣ ያልተመዘገበ አይከፈልም። በአንድ ሳምንት ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሠሩት ሥራ መዝገብ ጠፋ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ «ሲስተሙ ነው» እያልኩ መለስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉግል ክላውድ ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን በአንድነት ማስተዳደር የፈለገ ሰው ማኔጅድ ኢንስታንስ ግሩፕ የሚባለውን ይጠቀማል። መጀመሪያ ቴምፕሌት ይዘጋጃል፤ የማሽኑ ዓይነት፣ ዲስኩ፣ የሚነሳበት ኢሜጅ፣ ኔትዎርኩ እዚያ ላይ ይጻፋል። ከዚያ «ከዚህ ዓይነቱ 3 ይኑረኝ» ይባላል፤ ግሩፑ ይፈጥራቸዋል። አንዱ ቢወድቅ በዚያው ቴምፕሌት ይተካዋል። ሥራ ሲበዛ ቁጥራቸውን ሊያበዛ፣ ሲቀዘቅዝ ሊቀንስ ይችላል። በእኩለ ሌሊት ስልክ ተደውሎለት ሰርቨር ሲያስነሳ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እኔም የወደድኩት ለዚሁ ነው።

ግን ግሩፑ ማሽን ሲተካ የቀድሞው ማሽን የያዘውን አይዝም። የቡት ዲስኩ ከነተጻፈበት ይሰረዛል፣ አዲሱ ከኢሜጁ ንጹሕ ሆኖ ይነሳል። እንዲቆይ የሚፈለግ ዲስክ፣ አይፒ አድራሻ ወይም ሜታዳታ ካለ አስተዳዳሪው ለይቶ «ይህን ጠብቅ» ብሎ መጻፍ አለበት። ይህ ስቴትፉል ኮንፊገሬሽን ይባላል። እኔ አልጻፍኩትም። የሾፌሮቹን የጉዞ መዝገብ እስከ ዓርብ ማታ ድረስ እዚያው ቡት ዲስክ ላይ አስቀመጥኩት፤ ዓርብ ማታ ተጠቃልሎ ወደ ሂሳብ ክፍል ይሄድ ነበር። «ጊዜያዊ» የሚል ስም የሰጠሁት ፎልደር ውስጥ የሰዎች የቤት ኪራይ ተቀምጦ እንደነበር ያኔ አላሰብኩትም።

በክላውድ ሥራ ውስጥ በሰፊው የሚነገር አባባል አለ። ሰርቨሮቻችሁን እንደ ውሻና ድመት ስም አውጥታችሁ አታሳድጉ፤ እንደ ከብት ቁጥር ስጧቸው፣ አንዱ ሲታመም አታስታምሙት፣ ተኩት ይላል። ይህን ያወጡት ሰዎች ከብት በሺህ የሚረባበት፣ ጆሮው ላይ ቁጥር የሚንጠለጠልበት አገር ሰዎች ናቸው። እኔ ባደግኩበት ቀዬ ግን በሬ ስም አለው። ቡሬ ይባላል፣ ዳለቻ ይባላል፤ የትኛው በግራ የትኛው በቀኝ እንደሚጠመድ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። አንዱ የሞተበት ገበሬ ሌላ ስለገዛ ብቻ በማግስቱ እንደ ድሮው አያርስም። ይህን እያየሁ ያደግሁ ሰው አባባሉን ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበልኩት። ባለሙያዎቹ ራሳቸው እንኳ ሁሉም ማሽን እንዲሁ የሚተካ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር፤ ኩበርኔቲስ የሚባለው የክላውድ ሶፍትዌር ትዝታ ላላቸው ሥራዎች የሚሆን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 «ፔትሴት» ብሎ አውጥቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ «ስቴትፉልሴት» ብሎታል።

ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም ማለት አልችልም። ዲዛይኑን ለባልደረቦቼ ሳቀርብ አንዲት በቅርቡ የተቀጠረች ልጅ እጇን አውጥታ «ማሽኑ ቢተካ በውስጡ ያለው የጉዞ መዝገብ የት ይሄዳል?» አለች። «ጊዜያዊ ነው፣ ዓርብ ይላካል» አልኳት። «ዓርብ ሳይደርስ ቢተካስ?» «አይተካም» ብዬ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ። እንደማይተካ በምን አወቅሁ? በምንም። መልሱ ስለሌለኝ ነው የቸኮልኩት፤ ልምድ ያለው ሰው በአዲስ ሰው ፊት «እስቲ ልየው» ማለት ክብሩን የሚነካ መስሎኝ ነው። ከቴክኒኩ ስህተት ይልቅ የሚከብደኝ ይኸኛው ነው። የጠየቀችው በትክክል የጎደለውን ነገር ነበር፤ አፏን አስያዝኳት።

ግሩፑ የማሽኖቹን ሁኔታ የሚያውቀው በሄልዝ ቼክ ነው። በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ገጽ ይጠይቃል፤ ተከታታይ ጥያቄዎች መልስ ካጡ ማሽኑን ታሟል ይለዋል። እኔ ለማሽኖቹ ሥራ የሚያከፋፍለው ሎድ ባላንሰር የሚጠቀምበትን ሄልዝ ቼክ ሳልለውጥ፣ የታመመ ማሽን ለሚተካው ለአውቶሂሊንጉም ሰጠሁት። ሎድ ባላንሰር ቢቸኩል ጉዳት የለውም፤ ወደዚያ ማሽን ሥራ መላክ ያቆማል፣ ሲሻለው ይመልስለታል። አውቶሂሊንግ ግን አፍርሶ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ብዙ መታገስ አለበት። የጉግል መመሪያ ራሱ ሁለቱን ለዩ፣ የአውቶሂሊንጉን ታጋሽ አድርጉት ይላል። አንብቤው ነበር። በዚያ ላይ የሄልዝ ቼኩ ገጽ «ደህና ነኝ» ብሎ ከመመለሱ በፊት ከውጭ የምንጠቀምበትን የካርታ አገልግሎት እንዲጠይቅ አድርጌው ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የካርታው አገልግሎት ዘገየ። ማሽኖቻችን ምንም አልሆኑም፤ ሾፌሮቹ ጉዞ ይመዘግቡ ነበር፣ ዲስኩም ይጽፍ ነበር። ግሩፑ ግን ሁሉም ታመዋል ብሎ ተራ በተራ ተካቸው።

ዝርዝሩን ስከፍት ሦስቱም ማሽኖች አሉ። አውቶሂሊንግ ማሽኑን ሲሠራ በቀድሞ ስሙ ነው የሚመልሰው፤ ስለዚህ ስማቸው ያው፣ ምልክታቸው አረንጓዴ። ደህና ናቸው ብዬ ዘጋሁት። ጉዳዩ የታወቀው ዓርብ ማታ ለሂሳብ ክፍል የሄደው ፋይል ከሐሙስ ምሽት ወዲህ ያለውን ጉዞ ብቻ ይዞ ሲገኝ ነው። የዲስኮቹን ስናፕሾት የሚወስድ መርሐ ግብር አላዘጋጀሁም ነበር። የሚመለስ ነገር አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት በስብሰባ ላይ «ክላውዱ ማሽኖቹን በራሱ ተካቸው» አልኩ። ቃል በቃል ካያችሁት እውነት ነው፤ እኔ የተናገርኩት ግን ለማታለል ነው። የተደረገው በሙሉ እኔ ጽፌ ያዘዝኩት ነው፣ አንድም የተበላሸ ነገር አልነበረም። ያቺ ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ኃላፊዎቹ «ሲስተሙ» ያጠፋው ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ስላልቻሉ ሾፌሮቹ ጉዟቸውን በማስረጃ ያረጋግጡ አሉ፤ የስልክ የቦታ ታሪክ፣ የቤንዚን ደረሰኝ፣ ማዕከሉ የፈረመበት ወረቀት። ያለው አቀረበ፣ ተከፈለው። የሌለው በግምት ተሰጠው፣ ከሠራውም ያነሰ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው አሮጊትና ሽማግሌ ተሸክመው ደረጃ ያወረዱ ሰዎች እንደ ተጠርጣሪ ቆመው ደረሰኝ ሲፈልጉ አየሁ። አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ጥርጣሬው ከእነሱ ወደ እኔ ይዞር ነበር።

ከእነሱ አንዱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ቢሮው ውስጥ አማርኛ የሚናገር አለ ተብሎ ተነግሯቸው ደወሉልኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያልሄድኩበትን ሄድኩ ብዬ ገንዘብ አልጠይቅም። ስልኬም አሮጌ ነው፣ የሄድኩበትን አይዝም። አንተ እዚያ ቤት ስላለህ ንገርልኝ።» «ጋሼ፣ ሲስተሙ ነው፤ እየተከታተልኩት ነው» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አንተስ የእኛው ልጅ ነህ» ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው መርቆኛል፤ በምርቃት መሃል የእሳቸው ድምፅ ይመጣብኛል።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሁሉ እንደኔ አልተደበቀም። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለ የሶፍትዌር ድርጅት አንድ መሐንዲስ በሥራ ጫና መሃል የተሳሳተ ሰርቨር ላይ ሆኖ የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር ሰረዘ። ወደ 300 ጊጋባይት የሚሆን ዳታ ሄደ። ባክአፕ ይወስዳሉ የተባሉት መንገዶች ሲፈተሹ እንደታሰበው ሲሠሩ አልተገኙም፤ ያዳናቸው ከ6 ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጅ የተወሰደ ስናፕሾት ነው። ድርጅቱ የሆነውን በሙሉ ወዲያው ለሕዝብ ጻፈ፤ ዳታው ሲመለስ እንኳ ሰው ሁሉ በዩትዩብ በቀጥታ እንዲያይ አደረገ። የመሐንዲሱን ስም አላወጡም፣ ጥፋቱን ግን አልሸፈኑም። እኔ ይህን ታሪክ ለሌሎች እንደ ትምህርት አስተምር የነበርኩ ሰው ነኝ። የራሴ ተራ ሲደርስ ግን አፌን ዘጋሁ።

ኋላ ያስተካከልኩትን ልጻፍ፤ በሙያው ያለ ሰው ያነበው ይሆናል። የጉዞ መዝገቡን ከቡት ዲስኩ አውጥቼ ለብቻው ዲስክ ሰጠሁት። በስቴትፉል ፖሊሲው ያ ዲስክ በግሩፑ ማሽኖች ሁሉ ላይ እንዲጠበቅ፣ ማሽኑ ጨርሶ ቢወገድ እንኳ ዲስኩ እንዳይሰረዝ አዘዝኩ። የሂሳብ ክፍሉ ፋየርዎል የሚያውቀው አይፒ አድራሻም እንዲሁ ተጠበቀ። እያንዳንዱ ማሽን የሚያገለግለው አካባቢ የተለያየ ስለነበር ያንን የሚነግረው ሜታዳታ ለየማሽኑ በፐር ኢንስታንስ ኮንፊግ ተጻፈ። ቡት ዲስኩን ሆን ብዬ ተውኩት፤ እሱም ከተጠበቀ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አዲስ ኢሜጅ አይደርሰውም። አውቶሂሊንጉ የራሱ ታጋሽ ሄልዝ ቼክ ተሰጠው፣ ስለ ካርታ መጠየቁም ቀረ። በየቀኑ ስናፕሾት ይወሰዳል፤ የተጠበቀ ዲስክ ባክአፕ አይደለም፣ በላዩ የተበላሸ ነገር ቢጻፍ ብልሽቱንም አብሮ ይጠብቃልና። ስቴትፉል መሆን ዋጋ አለው። እንዲህ ያለው ግሩፕ የማሽኖቹን ቁጥር እንደ ሥራው የሚያበዛና የሚቀንሰውን አውቶስኬሊንግ አይቀበልም፤ ማሻሻያ ሲደረግም ምትክ ማሽን አስቀድሞ ማቆም አይቻልም፣ ያው ማሽን ፈርሶ እስኪሠራ ድረስ አንድ ይጎድላል። ይህንን ዋጋ እኔ ቀድሜ ሳልከፍል ብቀር ሾፌሮቹ ከፈሉት።

አንድ ነገር አሁንም ስቼ ነበር። በኤፒአይ በኩል የተጻፈ ፐር ኢንስታንስ ኮንፊግ እስኪተገበር ድረስ በሥራ ላይ ላለው ማሽን አይደርሰውም። ጨርሻለሁ ያልኩት ሜታዳታ አንዱ ማሽን ጋ እንዳልደረሰ ያገኘችው ያችው ልጅ ናት። ከዚያም «እስቲ አንዱን ሆን ብለን እናፍርሰው» አለች፤ አፈረስነው፣ ዲስኩ ከነመዝገቡ ተመልሶ ሲያያዝ አብረን አየን። ያን ቀን ይቅርታ ጠየቅኋት። ስለ ስብሰባው ነበር የጠየቅኋት፣ ስለ ሾፌሮቹ ግን ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት ለድርጅቱ ባለቤት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መዝገቡ የጠፋው በእኔ ውሳኔ መሆኑን፣ አስቀድሞ ተጠይቄ ችላ ማለቴን፣ በስብሰባው ላይ ያልኩት አሳሳች መሆኑን፣ ሾፌሮቹ ያሉት በቃላቸው ታምኖ ቀሪው ሊከፈላቸው እንደሚገባ አስፍሬያለሁ፤ ከገንዘቡ የእኔን ድርሻ ለመክፈል ፈርሜያለሁ። ጋሼንም አፈላልጌ ደውዬ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ያን ጊዜ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ምን እንደምመልስ አላወቅሁም። ያን ሳምንት ሠርታችሁ ደረሰኝ በማጣታችሁ የተቀነሰባችሁ ሌሎቻችሁ ይህን ካነበባችሁ ወደ ቢሮው ሂዱና ጠይቁ፤ ደብዳቤው ከነፊርማዬ እዚያ አለ፣ ያልተከፈላችሁን ስትጠይቁ እሱን ጥቀሱ።