አቅኚ አባት ብቻውን አላቀናም!

ወዳጆቼ፣ ዓባይን ተሻግራችሁ ደጀን ስትደርሱ ሁልጊዜ በደብረ ማርቆስ በኩል መሄድ የለባችሁም። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቀኝ ታጠፉና በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ አድርጋችሁ ሞጣ ውጡ። ግራ ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው። የወረዳዎቹን ስም ደግሞ ልብ በሉ፦ ቢቸና እነማይ ውስጥ ናት፤ ሞጣ ደግሞ ሁለት እጁ እነሴ ውስጥ። ለእኔ ጆሮ "እነ እገሌ ቤት" የሚባል ነው የሚመስለው።

በጎጃም መሬት የሚቆጠረው በዘር ነበር። መጀመሪያ ሰፍሮ አገሩን ያቀናው ሰው "አቅኚ አባት" ወይም "ዋና አባት" ይባላል። ከስንት ትውልድ በኋላ የተወለደም ቢሆን ዘሩን ቆጥሮ እሱ ጋ ከደረሰ ርስት ይጠይቃል። ርስት ቀልድ እንዳይመስላችሁ! በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ "መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊነጠቅ ነው" ብለው የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬዎች ጠመንጃ አንስተዋል። ርስት የቀረው በየካቲት 1967ቱ አዋጅ ነው።

ታዲያ ሞጣ ላይ ያሳረፉኝን እማማ ስለ አቅኚ አባት ብጠይቃቸው ሳቁብኝ።

"አየ ልጄ! እሱ ደኑን መነጠረ፣ መሬቱን ገመሰ እንበል። በማን እንጀራ? ድግስ በሌለበት ማን ወንፈል ይመጣል?"

እውነት ነው እኮ! ሞፈርና ቀንበሩ የሱ ይሁን። ውሃውን በእንስራ ከወንዝ ያመጣው፣ እህሉን በድንጋይ የፈጨው፣ ኩበቱን የጠፈጠፈው፣ ጥጡን የፈተለው፣ እህል ማስቀመጫ ጎታውን በጭቃ የሠራው ማን ነው? ያውም ልጅ አዝላ! ርስቱ ራሱ በእናትም በኩል ይቆጠር ነበር፤ ሴት ልጅም ትወርሳለች። የሐረጉ አናት ላይ ስትደርሱ ግን "አባት" ብቻ ነው ያለው።

ገበሬው ይህን ማስተካከል ጀምሯል። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ መሰጠት የጀመረው የመሬት ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል።

እናንተስ፣ የከተማ አቅኚዎች? ከከተማው ዳር አዲስ ኮንዶሚኒየም ገብታችሁ፣ ውሃ በጀሪካን እያመላለሳችሁ፣ ዕቁባችሁን አንድ ላይ እየጣላችሁ ጎጆ የምታቀኑ ማለቴ ነው። ካርታው በማን ስም ነው? "ፍቅር ካለ ወረቀት ምን ያደርጋል" የምትሉ ካላችሁ፣ ፍቅር ሳለ ሁለታችሁም ግቡበት። ሲቀዘቅዝ ማን ይስማማል?