በጉማራ አፍ ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር

ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ ወደ ጣና ሐይቅ ሄደን ነበር። የሄድነው ዓሣ ለመብላት አይደለም፤ ዓሣ እንዴት እንደሚያዝ ለማየት ነው። እርግጥ በልተናልም።

ከባሕር ዳር ተነስተን የወረታን መንገድ ያዝን። ጉማራ ድልድይ ላይ ወርደን በወንዙ ዳር ዳር ወደ ሐይቁ በእግር ሄድን። ግራ ቀኙ የፎገራ ሜዳ ነው። ሩዙ ገና አልታጨደም። ጭቃውም ገና አልጠጠረም ነበርና ጫማችንን አውልቀን በእጃችን ያዝን።

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ሰፊ ነው። ስፋቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቅ ግን አይደለም። ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ነው። ይህም ማለት አንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ቢቆምበት ጫፉ ከውሃው በላይ ይታያል።

ያስተናገዱን ሽማግሌ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ነው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለ ጠየቁን ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ የሚያጠምዱት በመንጠቆ ነው። ዕቃቸው ብዙ አይደለም። የናይሎን ክር፣ ለክብደት የታሰረ ትንሽ ድንጋይ፣ ቡሽ ላይ የተሰኩ መንጠቆዎች። በቃ ይኸው ነው።

«ዓሣ ሁሉ አንድ አይደለም» አሉን። «ሰው እንጀራ ይወዳል ብለህ ለሕፃን ጥሬ እንጀራ ትሰጣለህ እንዴ? ለየአፉ ለየአፉ ነው።»

ቆሮሶ ዳር ዳሩን፣ ሣርና ደንገል ካለበት አይርቅም። አፉ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ መንጠቆ ይፈልጋል። ሊጥ ወይም ትል ይሰካለታል። የሚይዘውም በቀን ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው። ጫጩቶቹም ሲፈሩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እኛ ይህን ስንሰማ ገርሞን ነበር። ጋሼ ግን እንደ ተራ ነገር ነው የነገሩን።

አምባዛ ደግሞ የማታ ዓሣ ነው። ጢም አለው። በጨለማ ምግቡን የሚፈልገው በጢሙ እየዳሰሰ ነው። ሥጋ፣ ትል፣ ትንሽ ዓሣ፣ ያገኘውን ይውጣል። አየር መሳብ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም። በግራና በቀኝ ክንፉ ላይ እሾህ አለው። ከመካከላችን አንዱ ይህን ሳያውቅ ቢይዘው መዳፉን ወጋው። ደሙ ቶሎ ቆመ፤ ሕመሙ ግን እስከ ማታ አልለቀቀውም።

ጋሼ ከሁሉ የሚወዱት ነጭ ዓሣን ነው። ነጭ ዓሣ ዓይነቱ ብዙ ነው። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ በሌላ አገር የማይታወቁ ከ10 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። ከነዚህ አንዳንዶቹ ሌላ ዓሣ አሳደው ይበላሉ። በአፋቸው ላይ ጥርስ የለም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ለነዚህ ትንሽ ዓሣ መንጠቆው ላይ ይሰካል።

እኛም ሞከርን። ክሩ ነቅ ሲል ወዲያው ጎተትን። ባዶ መንጠቆ ወጣ። ሁለተኛም እንደዚያው ሆነ። ጋሼ ሳቁና «ኧረ አትቸኩሉ! ይቅመሰው መጀመሪያ። ይዞ ሲሄድ ነው መሳብ» አሉን። በሦስተኛው ያዝን። ከክንድ ያጠረ ነበር፤ ቢሆንም ደስ አለን።

ወደ ማታ የጋሼ ልጅ በታንኳ መጣ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ቀላል ነው፤ ግን ውሃ ይመጣል፤ ሲውል ሲያድር ይከብዳል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ይመታዋል። ልጁ ታንኳውን አወጣና መረቡን ከዛፍ ላይ ሰቀለ። መረቡ ቀጭን ነው፤ ዓይኑም ጠባብ ነው።

ጋሼ መረቡን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ነገሩ እንዲህ ነው። ነጭ ዓሣ ከነሐሴ ጀምሮ እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወደ ወንዝ ይወጣል። ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይሄዳል። እንቁላሉን የሚጥለው ከላይ፣ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው። ለመውጣት ሲል ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። በዚያን ጊዜ መረብ የዘረጋ ሰው ያለ ድካም ይይዛል። የሚይዘው ግን እንቁላል የያዘችውን እናት ነው። የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ላይ የገቡት በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. በነበሩት 10 ዓመታት ውስጥ ከነጭ ዓሣው ከ4 እጅ 3 እጅ ያህሉ እንደ ቀነሰ አጥኚዎች ጽፈዋል።

«በመንጠቆ ስንቱን ትይዛለህ አባባ?» አለ ልጁ። «በነሐሴ ካልያዝሁ በመስከረም ለልጆቼ ደብተር በምን ልግዛ? እኔ ብተወው ሌላው ይዘረጋል።»

«ሆዷን ስትቀድ ስንት እንቁላል ነው የምታየው?» አሉት ጋሼ። «እሱን ቁጠርና ንገረኝ። የልጆችህ ልጆች ምን ሊያጠምዱ ነው? እምቦጭ?»

እምቦጭ ማለት በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ የታየው መጤ አረም ነው። ውሃውን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። መረብም፣ ታንኳም አያሳልፍም።

ልጁ መልስ አልሰጠም። እኛም ዝም አልን። ጋሼ እውነት አላቸው እንላለን። ነገር ግን 3 ልጆች ያሉት ሰው ፊት ተቀምጦ እንዲህ ማለት ቀላል አይደለም።

የልጁ ሚስት ቆሮሶውን በበርበሬ አድርጋ አቀረበችልን። አጥንቱን እየለቀምን በላን።

ሲነጋ ስንወጣ መረቡ ዛፉ ላይ አልነበረም። ታንኳውም የለም። ወደ ጥልቁ ይሂድ ወደ ወንዙ አፍ አላወቅንም። ጋሼ ውሃው ዳር ተቀምጠው ሊጥ እየድቦለቦሉ ነበር። «ደኅና አደራችሁ?» አሉንና አንድ መንጠቆ ከነክሩ አቀበሉን።