የአንድ ቀን ቀዷ

የኮቪድ ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በመጋቢት 2013 እ.ኢ.አ. ነበር። ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች ሲሆን አረጋውያን ተከተሉ። እናቴ 68 ዓመቷ ነበርና ተራዋ ደረሰ፤ የደረሰው ግን በ1442 ዓ.ሂ. ረመዷን ውስጥ ነው።

«ጾሜን በመርፌ አላበላሽም፤ ከዒድ በኋላ ኢንሻአላህ» አለችኝ። ጎረቤታችንን በዚሁ በሽታ ከቀበርን ወር አልሞላንምና መጠበቅ ፈራሁ። ክትባቱ በጡንቻ የሚወጋ፣ ምግብም መጠጥም ያልሆነ ነገር በመሆኑ ጾም እንደማያፈርስ ብዙ ዑለማዎች መግለጻቸውን ነገርኳት። አላመነችኝም። (የልጇን ፈትዋ የምትቀበል እናት የት አለች!) የመስጊዳችንን ኢማም ጠይቃ ስታበቃ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የተሰጣት አስትራዜኔካ ነበር። ነርሷ ክንድ ሊያም፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሊመጣ እንደሚችል፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ሁለት ቀን እንደሚለቅ አስረዳችን።

ሌሊቱን አተኮሳት፤ ሱሑር እንኳ አልቀመሰችም። ጠዋት ከንፈሯ ደርቆ ስትንቀጠቀጥ አገኘኋት። «እማ፣ አላህ (ሱ.ወ.) ለታመመ ፈቅዷል፤ በሌላ ቀን ትከፍይዋለሽ» ብዬ ውኃና የትኩሳት ኪኒን አቀረብኩላት። ብርጭቆውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ስትጠጣ ዕንባዋ ወረደ። በዕድሜዋ ሙሉ በሕመም ያፈረሰችው ጾም አልነበራትም። የጎተጎትኳት እኔ ነኝና ያን ቀን ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን አልሐምዱሊላህ ተነሥታ ጾመች። በሸዋል ቀዷዋን ስታወጣ እኔም አብሬያት ዋልኩ። በኢፍጧር ሰዓት ተምር እያቀበለችኝ፣

«ሁለተኛው መርፌ መቼ ነው?» አለችኝ።