ትምህርት ቤቱ መጠለያ ሲሆን ልጆች የት ይማራሉ?

መስከረም በጠባ ቁጥር የዩኒፎርም፣ የደብተርና የምዝገባ ነገር እንቅልፍ የሚነሣው የእኛን አገር እናት ብቻ አይደለም። በዛሬው አምዳችን ከቤታችሁ ሳትነሡ የካሪቢያንን ባሕር እንድትሻገሩ እንጋብዛችኋለን። የልጆቻችሁ የትምህርት ካርታ በአጠገባችሁ ካለ ግለጡት። በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ መካከል፣ ወደ ምሥራቅ ጠርዝ፣ ክሩ እንደ ላላ ዶቃ የተደረደሩ ትናንሽ ደሴቶች አሉ። ከእነርሱ ውስጥ ሞንትሰራትን፣ አንቲጓንና ባርቡዳን ፈልጉ። ካርታው ትንሽ ከሆነ ነጥብ እንኳ አልተደረገላቸው ይሆናል።

ሞንትሰራት በብሪታንያ ሥር የምትተዳደር፣ ርዝመቷ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደሴት ናት። ተራራው ባያግደው፣ ጧት ከአንዱ ጫፍ የተነሣ እግረኛ ሳይመሽ ከሌላው ይደርሳል። ከ10 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። ለረጅም ዘመን ሳይፈነዳ የኖረው የሶፍሪየር ሂልስ ተራራ እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 1995 ማጨስ ጀመረ። ዋናው ከተማ ፕሊመዝ የተቆረቆረው ከዚሁ ተራራ ግርጌ ነበር። ወደቡ፣ ሆስፒታሉ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እዚያው ነው። ሕዝቡ ሲወጣና ሲመለስ ቆይቶ በኤፕሪል 1996 ፕሊመዝን ለመጨረሻ ጊዜ ለቀቀ። በኋላም ከተማው በአመድና በፍም ድንጋይ ተቀበረ።

ሕዝቡ የሸሸው ወደ ሰሜን ነው። ሰሜኑ ግን ያን ሁሉ ሰው የሚያስተናግድ ከተማ አልነበረውም፤ የነበሩት ጥቂት መንደሮች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶች ናቸው። እንግዲህ እናቶች፣ ነገሩን ልብ በሉት። በትንሽ ደሴት ላይ ጠንካራ ግድግዳ፣ ሰፊ ጣሪያና የመጸዳጃ ቤት ያለው ሕንፃ ቢፈለግ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ የሚገኘው ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህም በካሪቢያን አገሮች አውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ ሕዝብ እንዲጠለልበት አስቀድሞ የሚመደበው ብዙውን ጊዜ የልጆች መማሪያ ክፍል ነው። ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ከሆነ መልካም ነው። እሳተ ገሞራው ግን ለሁለት ሌሊት አልመጣም። ልጆች ፊደል ይቆጥሩበት የነበረው ክፍል ለቤተሰቦች መኝታና ማብሰያ ሆነ። በደቡብ ያሉት ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሰሜን ያሉት ደግሞ በሰው ተይዘዋል። ልጆቹ የት ይማሩ?

ቤት የሌለው ሰው ዘመድ ዘንድ ተጠግቶ፣ ወይም ከድንኳን ሥር ሆኖ ሁለት ዓመት ሊታገሥ ይችላል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ሁለት ዓመት ሲቀመጥ ዘጠኝ ይሞላዋል። በከተማችን ልጆቿን በፈረቃና በተጨናነቀ ክፍል ያስተማረች እናት ይህንን ለማወቅ አስተማሪ አያሻትም።

በጁን 25 ቀን 1997 ከተራራው የወረደው የጋለ አመድና ጋዝ 19 ሰዎችን ገደለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወደ ተከለከለው ቀበና የገቡት እርሻቸውን ለማየት ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት ደሴተኞቹ የተሻለ የመቋቋሚያ ገንዘብ ሲጠይቁ፣ የብሪታንያ የልማት ሚኒስትር የነበሩት ክሌር ሾርት ቀጥለው ደግሞ የወርቅ ዝሆን ይለምናሉ ብለው ተናገሩ። ሴት ሆነው ይህን ማለታቸው እኔን ከሁሉ ይልቅ አስገርሞኛል።

ከሞንትሰራት ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ያህል ደሴቱን ትቶ ሄደ። የሥራና የቤት ማጣት አንድ ነገር ነው፤ ልጆች ላሏቸው ግን የትምህርቱ መስተጓጎል ሻንጣ ከሚያስነሡት ምክንያቶች ዋነኛው ሆነ። አስተማሪዋም ራሷ እናት ናትና ከሄዱት መካከል ነበረች። ብዙዎች ወደ ብሪታንያ፣ ሌሎቹ ደግሞ በቅርብ ወዳለችው ወደ አንቲጓ ተሻገሩ።

አሁን ደግሞ በአንቲጓዋ እናት ቦታ ሁኑ። ደሴቷ በሴፕቴምበር 1995 ሉዊስ በተባለ አውሎ ነፋስ ክፉኛ ተመትታለች፤ የራሷም ጣሪያ ገና በቅጡ አልተጠገነም። በዚህ ላይ ልጇ በሚማርበት ክፍል የጎረቤት ደሴት ልጅ ይጨመራል። አስተማሪዋ ያው አንዲት፣ ጥቁር ሰሌዳውም ያው አንድ ነው። ያቺን እናት በጠባብነት ለመውቀስ አልቸኩልም፤ የእንግዳዋንም እናት መሳቀቅ አልረሳም።

ይህ ነገር ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ተደገመ። ባርቡዳ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ከአንቲጓ ጋር አንድ ነፃ አገር የሆነች፣ ሕዝቧም ከሁለት ሺህ የማይሞላ ዝቅተኛ ደሴት ናት። ሁሉም ማለት ይቻላል የሚኖረው ኮድሪንግተን በምትባል አንዲት መንደር ነው። በሴፕቴምበር 6 ቀን 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ አብዛኞቹን ቤቶች አፈራረሰ፤ አንድ ሕፃንም ሞተ። ሌላ አውሎ ነፋስ እየቀረበ በመሆኑ በቀናት ውስጥ ሕዝቡ በሙሉ በጀልባና በአውሮፕላን ወደ አንቲጓ ተወሰደ። ከመጠለያዎቹ አንዱ የክሪኬት ስታዲየም ነበር። ጊዜው የትምህርት መክፈቻ ነውና የባርቡዳ ልጆች ወደ አንቲጓ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ።

ባሎች ጣሪያ ለማልበስና ሎብስተር ለማጥመድ ሲመለሱ፣ ብዙ እናቶች ለልጆቻቸው ትምህርት ሲሉ አንቲጓ ቀሩ። ኮድሪንግተን ውስጥ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ መመለስ ማለት ልጅን ከትምህርት ማውጣት ነበር። በዚህ መካከል መንግሥት ባርቡዳውያን በጋራ ይዘውት የኖሩትን መሬት በግል ለማድረግ ሕጉን ለመለወጥ ተነሣ። ለልጇ ዴስክ ስትል ከደሴቷ የራቀች እናት፣ የመሬቷ ነገር ሲመከር በቦታው አልነበረችም። የአንድ ትምህርት ቤት መዘግየት ይህን ያህል ነገር ይዞ ይመጣል።

ወደ ሞንትሰራት እንመለስና እናብቃ። ዛሬ ሕዝቡ ከ5 ሺህ አይሞላም፤ የደሴቱ ደቡብም እንደ ተከለከለ ነው። በሰሜን፣ በብሬድስና ለተፈናቃዮች በተሠራችው በሉካውት መንደር፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። በዴስኮቹ ላይ ከደሴተኞቹ ልጆች ጋር፣ ወላጆቻቸው ለሥራ ከጉያና፣ ከጃማይካና ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጡ ልጆች ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ከቤታቸው የሚያመጡት ቋንቋ ስፓኒሽ ነው፤ አስተማሪዋም እንግሊዝኛውን ከፊደል ትጀምርላቸዋለች።