እግር ላይ የሚጻፍ

ሰው ቃል ሲቀይር ነገሩንም የቀየረ ይመስለዋል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ቆዳዋን በመርፌ ያስወጋች ወጣት «ታቱ ተሠራሁ» ነው የምትለው። «ተነቀስኩ» ያለች እስካሁን አልገጠመችኝም። ንቅሳት የአያቷ ነዋ! የባላገር ነው፣ የአንገትና የድድ ነው። ታቱ ደግሞ የኳስ ተጫዋችና የዘፋኝ። ሥራው ግን ያው ነው፤ መርፌ አለ፣ ጥቁር ቀለም አለ፣ ደም አለ፣ «አይዞሽ፣ አለቀ» እያለ የሚዋሽ ሰው አለ። ቃሉን ከፈረንጅ የተዋስነው ይመስለናል እንጂ ፈረንጆቹም ተዋሾች ናቸው። ካፒቴን ኩክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1769 ታሂቲ ደሴት ላይ ሰምተው ነው ወደ አገራቸው ይዘውት የገቡት። እንግዲህ ከአንዱ ባላገር ቃል ሸሽተን የተጠለልነው ሌላ ባላገር ቃል ሥር ነው።

እናቴ የጎጃም ሰው ነበረች። አንገቷ ላይ እንደ ድሪ የተደረደረ ንቅሳት ነበራት፤ ድዷም ተነቅሷል። ስትስቅ የድዷ ጥቁረት የጥርሷን ንጣት ያጎላዋል። በስንት ዓመትሽ ተነቀስሽ ስንላት «እኔ ምን አውቄ፣ ይዘውኝ ነው» ትል ነበር። ይዘውኝ። አንዷ እጅ፣ አንዷ እግር፣ ሌላዋ ጭንቅላት ይዛ፣ የኩራዝ ጥላሸት በመርፌ ወይም በእሾህ ይገባል። ልጅቷን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እነዚያ ልጆች አድገው ከተማ ሲገቡ፣ የከተማው ሰው አንገታቸውን እያየ የመጡበትን አገር ያነብባቸው ጀመር። ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የሚከናነቡ፣ በሐምሌም በግንቦትም ሻርፕ የማይለያቸው ሴቶች አውቃለሁ። ለማጥፋት ብለው ቆዳቸውን አስቃጥለው፣ በንቅሳቱ ፋንታ ጠባሳ የተረከቡም አሉ። እናቴ አልሸፈነችም። ለእህቶቼ ግን አልደገመችውም።

የሚገርመኝ፣ በእናቴ አገር ያየኋቸው ሴቶች እግራቸውን ለመርፌ አልሰጡም። እግር የእንሶስላ ነበር። ሥሩ ይቀጠቀጥና እጅና እግር ላይ ተደርጎ ይታሰራል፤ ሲፈታ ቆዳው ቀልቶ ይገኛል። ለሠርግ ነው፣ ለበዓል ነው፣ ለአራስ ጥየቃ ነው። ከሳምንታት በኋላ እየፈዘዘ ይሄዳል፤ ሌላ ደስታ ሲመጣ ሌላ እንሶስላ ይታሰራል። ከዚያ በላይ ጌጥ ካስፈለገም የብር አልቦ አለ። አልቦ ይጠለቃል፣ ይወልቃል፣ ሲቸግርም ይሸጣል። ፒያሳ የነበሩት ወርቅና ብር ቤቶች የስንቷን ጎደሎ ወር በአልቦዋ ሚዛን ሞልተውላታል። የማይለቀውን አንገት ላይ፣ የሚለቀውን እግር ላይ ያደረጉት በአጋጣሚ አይመስለኝም። እግር ድንጋይ ይረግጣል፣ ጭቃ ይገባል፣ ማታ ማታ ይታጠባል፣ ይታሻል፣ ይሰነጠቃል። እንዲህ በሚሠራ ቦታ ላይ ጽሕፈት ማስቀመጥ መንገድ ላይ በጠመኔ እንደ መጻፍ ነው።

እግር የተነቀሰ ጭራሽ የለም ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘውና የ5300 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው፣ ሰውነቱ ላይ ከተቆጠሩት 61 ንቅሳቶች አንዳንዶቹ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ናቸው። እንደ እናቴ በጥላሸት ነው የተነቀሰው። መገጣጠሚያው ተጎድቶ ስለነበር ለሕክምና ብሎ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ያመመው ሰው ነው፤ ምክንያት ነበረው።

የዛሬዎቹስ? ነገሩ ግድ ስለሆነብኝ ሐኪሞችንም ጠየቅሁ፣ አነበብኩም። ቀለሙ የሚቀመጠው ከላይኛው ቆዳ በታች ባለው ሽፋን ውስጥ ነው። የእግር ጣት፣ ጎንና ውስጥ እግር ላይ ቆዳው ወፍራም ነው፤ መፋተጉም ብዙ ስለሆነ ቀለሙ ቶሎ ይፈዛል ወይም ተቆራርጦ ይቀራል። እግር ከልብ የራቀና ቁልቁል የተንጠለጠለ ነውና ያብጣል፤ ከክንድ ይልቅ ቀስ ብሎ ይድናል። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠበቅ ያለ ጫማ አይገባበትም። እስቲ በሐምሌ ዝናብ ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ባልዳነ ቁስል፣ በነጠላ ጫማ ውረዱ! ሊስትሮው እንኳ ያዝንላችኋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን ነገር ጨርሶ አያስበው። ጆሮዋን ስትበሳ ጠባሳው አብጦ የቀረባትም እግሯ ላይ እንደዚያው ሊሆን እንደሚችል ትወቅ። መርፌው ዓይኗ እያየ ከታሸገ ማሸጊያ ካልወጣ ደግሞ ተነሥታ መሄድ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪም በመርፌ ነው የሚሄዱት። በብዙ አገር ያሉ የደም ባንኮች አዲስ የተነቀሰን ሰው ለወራት ደም አይቀበሉም፤ ከጥርጣሬ ነው።

«ካልወደድኩት በሌዘር አስጠፋዋለሁ» የሚባለውንም እሰማለሁ። ሌዘሩ በአንድ ቀን አይጨርስም፤ ከልብ የራቀ ቦታ ላይ ደግሞ ምልልሱ ይበዛል። እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ባልታረፈበት እጅ የተሠራ እንደሆነ ነጣ ያለ ወይም የጠቆረ ምልክት ትቶ ይሄዳል። ያው ጠባሳ ተረከብሽ ማለት ነው።

«ጫማ ይሸፍነዋል» የሚሉም አሉ። የፈረንጅ ሐሳብ ነው! እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፤ መስጊድም እንዲሁ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ሰውነትን መነቀስ መከልከሉን የሚያስታውሱ እናቶች ጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ ሞልተዋል፤ የአንዳንዶቹ ግንባር ላይ የተነቀሰ መስቀል ቢኖርም።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያደረገችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ የእነሱም ቤት ሄደ፤ ዛሬ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖሩት። አንድ ቀን መጥታ «ጋሼ፣ እግሬ ላይ ታቱ ልሠራ ነው» አለችኝ። ቢራቢሮ ወይም የወንድ ስም ቢሆን ኖሮ የምላትን አላጣም ነበር። የቤት ቁጥራቸውን ነው የምትፈልገው። በቃ፣ ቁጥሩን ብቻ፣ ከእግሯ ጣቶች በላይ።

እናቷ ይህን ስትሰማ «እንደ በግ ቁጥር ልትለጥፊ?» ብላ ለሁለት ቀን አኮረፈች።

«ለምን እግርሽ ላይ?» አልኳት።

«አንገቴ ላይ ለሰው ነው የሚሆነው። እግሬ ላይ ለእኔ ነው። ደግሞ ጋሼ፣ ቤታችሁ የት ነበር ቢሉኝ በጣቴ የማሳየው ነገር የለም። እግሬ ግን ረግጦታል።»

ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር መልስ ሊኖረው ይገባ ነበር፤ የለኝም። እናቴን ይዘዋት ነው፤ ይቺን ማንም አልያዛትም። ቤቱን ለማፍረስ ፈቃዷን የጠየቃት የለም፤ እግሯን ግን የምታዝበት እሷ ናት። ይህን ልነጥቃት አልፈልግም።

ስለዚህ የነገርኳት የሚጨበጠውን ብቻ ነው። ቀለም ከዓመት ዓመት ቆዳ ውስጥ ይሰፋል። ትንሽ ተደርጎ የተጻፈ 8 ሆዱ ይደፈንና 0 ይሁን 6 የማይለይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ትጻፍ ከተባለ ተለቅ ትበል፣ ወደ ቅልጥም ጠጋ ትበል፣ ክረምቱም ይውጣ። በግዕዝ ቁጥር ላድርገው አለች፤ ከላይና ከታች ያለው ሰረዝ ጭራሽ ይደፈናል አልኳት። ደግሞ መጀመሪያ በሂና ሞክሪው፤ ሦስት ሳምንት ይዘሽው ታክሲ ግቢ፣ ሥራ ሂጂ፣ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፣ ከዚያ እናወራለን።

እሺ ብላ በሂና ጻፈችው። ሥራ ቦታ ማንም ልብ አላለውም። ቤተ ክርስቲያን አንዲት እናት ጎንበስ ብለው አይተው «የስልክ ቁጥር ነው?» አሏት። እናቷ ግን ሦስቱንም ሳምንት ዞር ብላ ሳታየው ከረመች። ሂናው ሊለቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ እኔም ባለሁበት፣ ሳትጠየቅ ተነሥታ ሂና በጠበጠች። የልጇን እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ የቀረውን ቁጥር እየተንጠራራች አነበበችና ቀና አለች።

«ይሄ እኮ የእኛ አይደለም። የእነ እትዬ ነው፣ የጎረቤታችን። የኋለኞቹን ሁለቱን አቀያይረሻቸዋል።»

ልጅቷ ተከራከረች። ማስረጃ ግን የላትም፤ መታወቂያዋ በአዲሱ አድራሻ ወጥቷል፣ በሩ ላይ የነበረችው ቆርቆሮም በግርግሩ ጠፍታለች። እህቴ መሳቢያ ውስጥ ገብታ አንድ አሮጌ የውሃ ደረሰኝ አውጥታ ፊታችን ዘረጋችው። ከዚያ ደረሰኙን አጠገቧ አስቀምጣ፣ አንድ አንድ አሃዝ እያየች፣ ልጇ እግር ላይ ትገለብጥ ጀመር።