በብርድ አገር በረራ የሚጀምረው ከምድር ነው

በአንታርክቲካ ሰማይ ሄሊኮፕተር ማብረር ሲነሳ ጭንቀቱ ሁሉ ወደ አየሩ ይሄዳል፤ ይሁን እንጂ ቀዝቃዛ አየር ለበረራ ደግ ነው። አየር በቀዘቀዘ መጠን ስለሚታመቅ፣ ግፊቱ እኩል ከሆነ፣ ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው አየር በ15 ዲግሪ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይከብዳል፤ ስለዚህም ሮተር የሚባሉት ተሽከርካሪ ክንፎች ሄሊኮፕተሩን በቀላሉ ያነሱታል።

ፈተናው የሚጀምረው ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ነው። የሞተርና የማርሽ ዘይት ይወፍራል፣ ፍሳሽ የሚያግዱት ጎማዎች ደርቀው ያንጠባጥባሉ፣ የባትሪ ጉልበት ይዳከማል፤ ጄት ኤ-1 የተባለው የተለመደ ነዳጅም ከዜሮ በታች ወደ 47 ዲግሪ ሲቃረብ መርጋት ይጀምራል። በመሆኑም የጥገና ባለሙያዎች ሞተሩን በሽፋን ጠቅልለው ሞቃት አየር ይነፉበታል፣ ባትሪውን አውጥተው በሞቀ ክፍል ያሳድራሉ፣ ክንፎቹ ላይ የተጋገረውን በረዶም አንድ ሳያስቀሩ ያጸዳሉ።

ከተነሱ በኋላ ደግሞ ብርዱ መለኪያንና ዓይንን ያሳስታል። በአየር ግፊት የሚሠራው የከፍታ መለኪያ፣ የአየሩ ሙቀት ከተሠራበት መደበኛ ልክ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር፣ ከእውነተኛው ከፍታ 4 በመቶ ያህል አብልጦ ያሳያል፤ አብራሪውም ከሚያስበው ዝቅ ብሎ ይበራል። ሰማዩ ሲዳምን በረዶውና ደመናው አንድ ነጭ ሆነው አድማስና ጥላ ይጠፋሉ፤ ይህ በሙያው ዋይትአውት ይባላል። ሲያርፍም ሮተሩ ራሱ የሚያስነሳው የበረዶ ብናኝ መሬቱን ይሸፍንበታል።

በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. አካዳሚክ ሾካልስኪ የተባለችው የሩሲያ መርከብ በምሥራቅ አንታርክቲካ በረዶ ውስጥ በተያዘች ጊዜ፣ ተሳፋሪዎቹ በረዶውን በእግራቸው ረግጠው፣ ጠቅጥቀው የማረፊያ ቦታ አዘጋጁ፤ የአየሩ ሁኔታ ባለመመቸቱም ማዳኑ ለቀናት ዘገየ። በመጨረሻ ጥር 2 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ሹዌ ሎንግ ከተባለችው የቻይና በረዶ ሰባሪ መርከብ የተነሳ ሄሊኮፕተር 52 ሰዎችን ተመላልሶ አወጣ።

ለዚህ በረራ መሳካት የተረገጠው በረዶና የተጠበቀው ቀን ከአብራሪው ችሎታ ያላነሰ ድርሻ ነበራቸው። ስለሆነም ሰውን ወደ ብርድ አገር የሚልክ ተቋም ሁሉ፣ በሌሊት ሞተር ለሚያሞቀው መካኒክና «ዛሬ አይበረርም» ብሎ ለሚወስነው አብራሪ፣ በድፍረት በርሮ ለተመለሰው የሚሰጠውን ክብር ያህል ሊሰጥ ይገባዋል፤ የብዙ ሰው ሕይወት በእነርሱ ትዕግሥት ላይ ቆሟልና።